«ይቅር ይበልሽ» ብዬ የጻፍኩበት ዓርብ

ይህን ነገር ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሳቸው ሰምተው ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾሙንም ስግደቱንም ጨረስኩ። ቀኖናው ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ግን አሁንም ከእኔ ጋር አለ። ልጎርስ ስል ይመጣል፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳለ ይመጣል። ዛሬ ወረቀት ላይ ላሰፍረው የወሰንኩት ቀለል ይለኛል ብዬ አይደለም። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ እኔ ያን ዓርብ የቆምኩበት ቦታ ላይ ትቆሙ ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን የምኖረው ጂንካ ነው። ባለቤቴ በሥራ ሲዛወር ተከትዬው መጣሁ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። በላስታ ብርድ ላደገ ሰው ሙቀቱ ይከብዳል፣ ግን ይለመዳል። ሰው ለምን ከአገርሽ ራቅሽ ሲለኝ የባሌን ዝውውር እነግረዋለሁ። ውሸት አይደለም። ሙሉው እውነት ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ያን ጊዜ ላሊበላ ነበርኩ፤ የተወለድኩትም የተዳርኩትም እዚያው ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። በየወሩ በእመቤታችን ስም የምንሰበሰብበት የሴቶች የጽዋ ማኅበር ነበረን፤ የዚያም ጸሐፊ እኔው ነበርኩ። ማን ቀረች፣ ማን ታመመች፣ የሚቀጥለውን ወር የምትደግሰው ማን ናት፣ የሚል ደብተር በእጄ ነበር። ሐሜት ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ፣ ያላየሁትን የማልናገር ሴት ነበርኩ። «ትርንጎ ካለችው አለቀ» ይሉ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ላመሰግን እንዳይመስላችሁ። በኋላ የጎዳውም ይኸው ነው።

የሺወርቅ ጓደኛዬ ናት። እዚያው ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች፤ ቤቷ ከቤቴ በታች በኩል፣ ከአንዲት ጠባብ መንገድ ማዶ ነው። ሳቋ ከመምህራን ክፍል እስከ በሩ ይሰማል። እኛ የምንኖርበት ከፍታ ላይ ያለችው የውኃ ቦኖ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትከፈት ነበር፤ ከታች ያሉት ሆቴሎች ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ እኛ ጀሪካን ይዘን ከንጋት ጀምሮ እንሰለፋለን። አንድ ቀን ሰልፉ ላይ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንዷ ጥርሷ ሲሰበር የሺ ጀሪካኗን አስቀመጠችና ለምክር ቤት እወዳደራለሁ አለች። የቀለደች መስሎን ሳቅን። እሷ ግን አልቀለደችም።

በግል ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ለግል ተወዳዳሪ ፊርማውን ሲሰጥ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ስለዚህ ወደ ሴቶቹ ሄድን፤ መጻፍ የማይችሉት በጣታቸው ይፈርማሉ፤ የቀለሙን ሳጥን የምይዘው እኔ ነኝ። የሺ በየደጁ አንድ ቀልድ ነበራት። «እኔ የምፈልገው ጣታችሁን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለባሎቻችሁ ትቼዋለሁ» ትላለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ ጣታቸውን ይዘረጋሉ። ወረቀቱ ሰኞ መግባት ነበረበት። የቀረን አንድ ገጽ ነው፤ እሱንም እሑድ በማኅበራችን እንደምንሞላው ተነጋግረን ነበር። ያ እሑድ ደግሞ የሺ ጽዋውን የምትረከብበት፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ የምትሆንበት ቀን ነው። ደስ ብሏታል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማለት ለእሷ እንደ ምርቃት ነበር።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተማሪው ተለቅቆ ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። ጾም ስለሆነ ገና እህል አልቀመስኩም። ፌስቡክ በስልክ ከገባልኝ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም፤ የማየው መዝሙርና የገዳማት ሥዕል ነው። ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው የየሺ ፊት ነው።

ፊቷ ብቻ ግን አልነበረም። አልጋ ላይ ናት። ቀያይ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ አለ፤ ሰውነቷ አብዛኛው አልተሸፈነም። አጠገቧ የአንድ ነጭ ሰው ትከሻና ግማሽ ፊት ይታያል። ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ከላይ «ድምፃችሁን የምትለምነው መምህርት የት እንደምታድር እዩ» የሚል ተጽፏል። ገጹ የከተማችንን ስም የያዘ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ደግሜ አየሁት። አንገቷ ላይ ማተብ የለም። ከሁሉ በፊት ልቤን የመታው እሱ ነው፤ የሺ ማተቧን በጠሰች አልኩ። ከሥሩ ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። እዚህ ልደግመው አልችልም። የሚያውቋት ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ያስተማረችላቸው ሰዎች ጭምር ጽፈዋል። በድንጋይ መወገር አለባት ያለም አለ። አንድም ደግ ቃል የለም።

እኔ ላጽናናት ፈለግሁ። እመኑኝ፣ ልጎዳት አልነበረም። በጾም ወቅት የወደቀ እያዩ ማለፍ ኃጢአት ነው ብዬ፣ ስሜ በግልጽ እየታየ ከሥዕሉ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኅቴ የሺ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። የማይሳሳት ሰው የለም። ኃጢአተኛዋን ሴት የመለሰ አምላክ አንቺንም ይመልስሽ።» ላክሁት። ዕንባዬን ጠርጌ ቢሮውን ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በየሺ ደጅ በላይ በኩል አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስታፍር እንዳላያት ብዬ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ሽሮዬን በላሁ። በዚያ ቀን መልካም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከቤት ስወጣ እትዬ ሙሉ መንገድ ላይ አገኙኝ። እትዬ ሙሉ በማኅበራችን ከእኔ በዕድሜ ከፍ የሚሉ፣ በዚያ ወር ጽዋው ቤታቸው የነበረ ደጋሽ ናቸው። ለየሺ ከፈረሙት ሁሉ የቀደሙት እሳቸው ነበሩ። ሰላምታዬን እንኳ ሳይጨርሱ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን አቆሙብኝ።

«ጣቴን መልሱልኝ» አሉ።

አልገባኝም። እሳቸው ከወረቀቱ ላይ ጣታቸው እንዲፋቅላቸው ነው የሚፈልጉት። ባላቸው ሲቆጣ አድሯል። እኔም ምን ሰምተው ነው አልኳቸው።

«ስልክ አላውቅም እኔ። ሲያሳዩኝ ውሸት ነው ብዬ ተሳደብኩ። በኋላ የልጄ ባል አንቺ የጻፍሽውን አነበበልኝ። ትርንጎ ይቅር ይበልሽ ካለች እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ? ይቅር የሚባል እኮ የሠራ ሰው ነው።»

እሳቸው ወደ ገበያው ወረዱ። ስልኬን አወጣሁ፤ የጻፍኩትን ላጠፋ። ኔትወርክ የለም። ያን ጊዜ ለቀናት ይጠፋ ነበር፤ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ወደ ላይ ወደ ገደሉ ወጣሁ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ከላይ ቆሜ ገበያውን ሳየው ሰዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ኔትወርክ ሳይኖር ምን እያዩ ነው? ብሉቱዝ ነው። ሥዕሉን ከነጻፍኩት አንድ ላይ ቀድተው ከስልክ ወደ ስልክ እያሻገሩት ነበር። የእኔ ጽሑፍ ከሥሩ ተለጥፎ የሚሄድ ምስክር ሆኗል። አሁን ባጠፋው እንኳ ምንም እንደማይለወጥ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወደ የሺ ቤት ሄድኩ። ባሏ መኳንንት ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዝም ያለ ሰው ነው፣ ግንበኛ። እጁ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ሥራ ጀምሮ ትቶት እንደመጣ ያስታውቃል። ከውስጥ ድምፅ የለም። ላያት ነው አልኩት።

«ሰው አታይም» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ፣ «ከትናንት ጀምሮ ለሰው ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ ስከራከር ነበር። ሁለት ሰው መትቻለሁ። ዛሬ ጠዋት የአንቺን ሲያሳዩኝ አፌ ተያዘ» አለ።

«መኳንንት፣ እኔ እኮ—»

«ገብቼም ጠየቅኋት፤ ትርንጎ የምታውቀው ምን አለ ብዬ። እንዲህ ብዬ መጠየቄን ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም።»

ተመልሼ ቤቴ ገባሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጄ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የድሮዋን የሺን ላያት ፈለግሁ መሰለኝ፤ ከፎቶዎቹ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጾሙ ሳይገባ አብረን ነአኩቶ ለአብ ሄደን ነበር። ፊርማ መሰብሰብ ከመጀመሯ በፊት መጀመሪያ ጠበሉን ልቅመስ ብላ ነው የሄድነው። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል። የሺ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ከጠብታው ሥር ቆመች። ፊቷን ወደ ላይ አቀናች። አባ ግንባሯ ላይ እምነቱን፣ የተባረከውን አመድ፣ በመስቀል ምልክት ቀቧት። እኔ ከጎን ሆኜ አነሳኋት።

ፎቶው ያውና። ፀጉሯ እርጥብ ነው። ዓይኗ ተጨፍኗል። ጠብታውን ለመቀበል አፏን ትንሽ ከፍታለች።

ስልኩን ከእጄ ጣልኩት። መልሼ አነሳሁት። የሌላውን ሥዕል አስቀምጬው ነበር፤ ሁለቱን እየቀያየርኩ አየኋቸው። ያው ፊት ነው። አገጯ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ እንኳ አለች። እርጥብ የሆነው እምነት ከግንባሯ ወደ ቅንድቧ የወረደበት ግራጫ መስመር፣ በአልጋው ሥዕል ላይም አለ። ዓርብ ዕለት ጥላ መስሎኝ አልፌው ነበር። እኔ፣ እምነት መቀባት ምን እንደሚመስል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ያለባትን ሴት አይቼ አላወቅኋትም። የሺ ማተቧን አልበጠሰችም። አንገቷን ነው የቆረጧት። ማተቡ ከአንገቷ ጋር እኔ ስልክ ውስጥ ቀርቷል።

ፎቶው ከእኔ በቀር ማንም ጋ አልነበረም። ታዲያ ከእኔ እንዴት ወጣ? ትንሽ አሰብኩና አወቅሁት። ጾሙ ሲገባ መዝሙር እንዲጫንልኝ ሚሞሪዬን ለአቶ ካሳው ሰጥቼ ነበር።

አቶ ካሳው ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ስልክ የሚጠግን፣ ሚሞሪ ላይ መዝሙር የሚጭን ሰው ነው። የአራት ልጆች አባት፣ ጨዋ ሰው። ሊዘጋ ሲል ደረስኩበት። ፎቶ ከሚሞሪ ላይ ትወስዳለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልደነገጠም፤ ሚሞሪ ሲጫን የድሮው እንዳይጠፋ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ እንደሚገለብጠው ነገረኝ። ሰው አምጥቶ ጠፋብኝ ብሎ እንዳያስቸግረው ነው። ከዚያስ አልኩት። ከዚያ እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ ውስጥ ማን ይወስዳል? «ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ዘፈንም ፊልምም ይገለብጣል፣ እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ ራሱ ይገለብጣል። ምን ምን እንደወሰደ በምን አውቃለሁ?»

አሳየኝ። ከየሰው ሚሞሪ የገለበጣቸው ስም ስም ተሰጥቷቸው ተደርድረዋል። የመምህራን ሚስቶች፣ የካህናት ልጆች፣ የማኅበራችን ሴቶች። የእኔም ስም አለ። ከፈተው፤ የእናቴ ቀብር፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ፊቴ አብጦ። የከተማው ሴት ሁሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበረች። ለመዝሙር ስንል ራሳችን በእጃችን ወስደን ያስቀመጥነው ነው። ሁሉንም አጥፋው አልኩት። እያየሁት አጠፋ። ዓይኑ ግን እንደኔው ያውቅ ነበር፤ የሄደው ሄዷል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእትዬ ሙሉ ቤት ተሰበሰብን። የሺ አልመጣችም። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ባርከው ወጡ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፤ ጨዋታ የለም። የማኅበራችን የበላይ እማሆይ ወለተ ማርያም ከጥግ፣ ከመደቡ ላይ ናቸው። ዓይናቸው ደከም ያለ መነኩሲት ናቸው፤ አንድ ነገር ሲናገሩ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መካከል ላይ ተቀምጧል።

ሰዓቱ ደረሰና እትዬ ሙሉ ተነሱ። ጽዋውን ለማን እንደሚያስረክቡ ጠየቁ፤ ሴቶቹ ዝም አሉ። በማኅበራችን ተረኛ ተዘልላ አታውቅም። ብትታመም እንኳ ቤቷ ድረስ ይሄድላታል፣ ጎረቤት ይደግስላታል። መዘለል ማለት ከእኛ አይደለሽም ማለት ነው። እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደብተሩን ግለጪና ከእሷ ቀጥሎ ያለችውን ጥሪልን» አሉ።

ደብተሩን ገለጥኩ። ሳልገልጠውም አውቀው ነበር። ከየሺወርቅ ቀጥሎ በገዛ እጅ ጽሕፈቴ የተጻፈው ስም የእኔ ነው።

ደብተሩን ዘጋሁት። ተነስቼ መካከል ላይ ቆምኩ። ዓርብ ያየሁትን፣ የጻፍኩትን፣ ቅዳሜ ስልኬ ውስጥ ያገኘሁትን፣ ሚሞሪዬን ለማን እንደሰጠሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጻፍኩት ሳላውቅ ነው አልኩ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ስልኬን ለመጀመሪያዋ ሴት ሰጠሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዳንዶቹ ስልክ ይዘው አያውቁም፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። እኔ እየተከተልኩ አንዱን ሥዕል አሳይቼ ሌላውን እቀይርላቸዋለሁ። የሆነ ጊዜ አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

እማሆይ ዘንድ ሲደርስ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለብዙ ጊዜ አዩት። ጣታቸውን በግንባሯ ላይ አሳለፉ፤ ሥዕሉ ከጣታቸው ሥር ተንሸራተተና መልሼ አመጣሁላቸው።

«ይኼ እምነት ነው» አሉ። «ከጠበል ላይ ነው የቆረጧት።» ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና «ትርንጎ፣ ከደጅሽ እስከ ደጇ ስንት እርምጃ ነው?» አሉኝ።

«ቅርብ ነው እማሆይ።»

«ስንት ነው አልኩሽ?»

«ሃምሳ አይሞላም።»

«ለዓለም ሁሉ ከመጻፍሽ በፊት ምነው ያችን ሃምሳ እርምጃ አልሄድሽ?»

ቢቆጡኝ፣ ከማኅበሩ ቢያስወጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እትዬ ሙሉ ዞረው፣ ተራ አይዘለልም፣ ተነሱ አሉ።

እትዬ ሙሉ ጽዋውን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ታቅፈው ቀደሙ። እኛ ተከተልን። የጾም እሑድ ነበር፤ እልል አላልንም። ጽዋ ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፣ ኮፍያ ያደረገ ያወልቃል። መንገድ ዳር ስልክ ላይ አጎንብሰው የነበሩ ወንዶች ተነሱ። ጽዋው ወደ ማን ቤት እንደሚታጠፍ ሲያዩ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። መኳንንት ከድንጋዩ ተነስቶ መንገድ ለቀቀ።

እትዬ ሙሉ በሩን አላንኳኩም። በሩ ላይ ቆመው «የሺወርቅ፣ ተራሽ ነው» አሉ። ጠበቅን። ደግመው «ክንዴ ዛለ ልጄ፣ ጽዋ መሬት አይቀመጥም» አሉ። በሩ ተከፈተ።

የሺ ፊቷ አብጧል። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳለች፤ ግንባሯ አይታይም። ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ሳመችው፣ ወደ ውስጥ ይዛ ገብታ አስቀምጣ ተመለሰች። እትዬ ሙሉ አውራ ጣታቸውን አወጡ።

«ጣቴን አስመልሼ ነበር። መልሼ አምጥቼዋለሁ» አሉ።

የሺ አየቻቸው። «ባልዎስ?» አለች።

«የቀረውን ለእሱ ትቼለታለሁ።»

ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ መጣና ሳይወጣ ቀረ። ወረቀቱን አመጣች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ፈረሙ፤ የቀለሙን ሳጥን እኔ ያዝኩላቸው። ገጹ ሊሞላ አንዲት መስመር ስትቀር እኔም ቀድሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መፈረሜን ረስቼ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። የሺ ወረቀቱን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው።

«የአንቺ ፊርማ አለኝ፤ ዓርብ የፈረምሽው» አለችኝ።

በዚያች መስመር ላይ የፈረሙት እማሆይ ናቸው። እኔ ቀለም የነካ ጣቴን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሄድኩትን እርምጃ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ነው።

ወረቀቱ ሰኞ ገባ፤ የሺ ተወዳደረች። አላሸነፈችም። ሥዕሉ በየስብሰባው ይቀድማት ነበር፤ ስለ ቦኖው ስትናገር ከኋላ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እሷም ንግግሯን አታቋርጥም። እሷና መኳንንት ለሕግ አመለከቱ፣ እኔም መሰከርኩ፤ ገጹን የከፈተው ሰው ግን አልተገኘም። ኔትወርክ ሲመለስ የጻፍኩትን አጥፍቼ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጌ እውነቱን ጻፍኩ። ያነበበው ጥቂት ነው። እውነቱን የሚያሻግር ብሉቱዝ አልነበረም።

የሺ ክፉ አልተናገረችኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ የልጆቼን ደኅንነት ትጠይቃለች። አንድ ቀን ግን ገነተ ማርያም ለንግሥ ሄደን አባ ጠበል ሲረጩ አየኋት። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ፊታችንን ስናቀና እሷ ብቻ ዓይኗን ከፍታ ቆማለች። ውኃው ይወርድባታል፣ ዓይኗን ያቃጥላታል፣ እሷ ግን አትጨፍንም። ግራና ቀኝ፣ የሰዉን እጅ ታያለች። ስልክ የያዘውን ትፈልጋለች። ያንን ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልነበረም። ባሌ ዝውውር መጣልኝ ሲለኝ ወዲያው እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጂንካ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ግን፣ ካርድ ክፍል ሆነን አንዲት ባልደረባዬ «ይህችን እያት፣ ምረጡኝ ባይዋን» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አየሁ። ፊቱን አላውቀውም፤ የጂንካው አካባቢ ሴት ናት። ብርድ ልብሱን ግን አወቅሁት፤ ቀያይ አበባ አለበት። ትከሻው፣ ግማሽ ፊት ያለው ነጭ ሰውዬ፣ የእጇ አጣጣል። ያው ገላ ነው። ጭንቅላቱ ብቻ ተቀይሯል።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ገላው አሰብኩ። እሷም ሰው ናት። የሆነ ቦታ የምትኖር፣ ስሟን የማላውቃት፣ በየከተማው የሌላ ሴት ጭንቅላት የሚቀጠልባት ሴት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በጸሎቴ ላይ እሷንም አነሳለሁ፤ ስሟን ስለማላውቅ ያቺን እኅቴን እላለሁ።

ባልደረባዬ ከሥሩ ልትጽፍ ጣቷን አቅርባ ነበር። «ምስኪን፣ እግዚአብሔር ይርዳት ልበላት?» አለችኝ። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩባት። ደነገጠች። የሴትዮዋ ቤት የት እንደሆነ ጠየቅኋት። ከገበያው ጀርባ ነው አለችኝ። ካርድ ክፍሉን ለእሷ ትቼ ወጣሁ።

ሩቅ ነበር። ብዙ እርምጃ ነው፤ በመካከል ቁጥሩ ጠፋኝ። ደጇ ላይ ስደርስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አንኳኳሁ። ከውስጥ እንቅስቃሴ ተሰማኝና ዝም አለ። ደግሜ አንኳኳሁ። በሩ እጅ በሚያስገባ ልክ ተከፈተ፤ አንድ ዓይን ብቻ አየኝ።

«ማን ነሽ?»

«አታውቂኝም። ሥዕሉን አይቼ ነው። ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያንን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ፣ ከኋላዬ መንገዱን አይታ፣ ገባ በይ አለችኝ። ቤቷ ጨለማ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ወንበር ሰጠችኝ። እሷ ቆማ ቀረች።

«ከትናንት ጀምሮ ስልኬ ሲጮህ ነበር። በሩን ያንኳኳ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለችኝ።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ከየሺ ጋር የነበረውን አልመለሰልኝም። አመሻሹ ላይ ከዚያች ሴት ቤት ስወጣ፣ አንድ ነገር ያወራረድኩ መስሎ ተሰምቶኝ እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አልተሰማኝም እላችኋለሁ። መንገዱን ሁሉ በጆሮዬ የነበረው የእማሆይ ድምፅ ነው። ስንት ነው አልኩሽ? ይለኛል። እኔም በዚያች መንገድ ላይ፣ ከላስታ ያን ያህል ርቄ፣ አርባ ሦስት እላለሁ።